ሰባት አንደኞች

በእንጎች ሚካኤል ቀበሌ ወረፋ የሚይዘው ሰው ሳይሆን ድንጋይ ነው። የበቆሎ ዘር ከቡሬ ተጭኖ መጣ በተባለ ቁጥር ገበሬው አንድ ድንጋይ አንሥቶ ወደ ገበሬዎች ማኅበሩ መጋዘን ይወርዳል፤ ከፊተኛው ድንጋይ ኋላ አስቀምጦ ወደ እርሻው ይመለሳል። ድንጋዩ በባለቤቱ ፈንታ ፀሐይ ይሞቃል፣ ዝናብ ይመታዋል፤ ጉልበቴን አመመኝ አይልም። አንድ ክፉ ጠባይ ብቻ አለበት፤ ይሄዳል። ሲመሽ አርባኛ የነበረ ድንጋይ ሲነጋ አሥራ ሁለተኛ ሆኖ ይገኛል። ባለቤቱ ቢጠየቅ፣ እኔ ቤቴ ነበርሁ፣ እሱን ጠይቁት ይላል። አምና በዚህ ሰበብ ሁለት አበልጆች ተኳርፈው እስከ ዛሬ ሰላምታቸው በሦስተኛ ሰው በኩል ነው።

ሠርክአዲስ ላቀው የዚሁ ቀበሌ ልጅ ናት። ባሕር ዳር ሶፍትዌር ተምራ፣ አሁን ፍኖተ ሰላም ውስጥ ማኅበሩ አባል በሆነበት የገበሬዎች ዩኒየን ትሠራለች። ሥራዋ በወረቀት የመጣውን ወደ ኮምፒውተር መገልበጥ፣ ከዚያም አለቆቿ ኮምፒውተሩን ስለማያምኑት መልሶ በወረቀት ማተም ነው። በሚያዝያው ጉባኤ ላይ ተነሥታ የድንጋዩን ወረፋ በስልክ ልለውጠው አለች። ገበሬው ወደ አንድ ቁጥር ሚስኮል ያደርጋል፤ ተራ ቁጥሩና ዘሩን የሚወስድበት ቀን በመልእክት ይደርሰዋል። ሚስኮል ማድረግ ደግሞ በምዕራብ ጎጃም ሥልጠና የማያስፈልገው ብቸኛው ቴክኖሎጂ ነው።

ጉባኤው አጉረመረመ። አንዱ፣ ድንጋይ ባትሪ አይጨርስም አለ፤ ሌላው፣ ድንጋይ ከአገልግሎት ክልል ውጭም አይሆንም ብሎ አከለለት። ያን ጊዜ የሠርክአዲስ አባት አያ ላቀው ጋቢያቸውን አስተካክለው ተነሡ። ልጄ ስለሆነች አይደለም ብለው ጀመሩና፣ ልጃቸው ስለሆነች ሩብ ሰዓት ያህል ተናገሩ። ሲጨርሱ ማንም ያልጠየቃቸውን ቃል ሰጡ።

«ይህ ነገር ባይሠራ፣ ከዘንድሮ ጀምሮ ድንጋዬ ከሁላችሁም ኋላ ትሁን።»

ቀላል ቃል አይደለም። ዘር መጨረሻ የሚደርሰው ሰው የግንቦቱን ዝናብ ቆሞ ያያል፤ በቆሎውም ከጎረቤት በቆሎ አንገት ዝቅ ብሎ ክረምቱን ይከርማል። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ወይዘሮ ሀብትነሽ ቃሉን በቃለ ጉባኤ አስመዘገቡት። አንድ ጊዜ ይሞከራል፤ ካልሆነ ወደ ድንጋዩ።

ለእገዛ ከከተማ የተመደበውን የኮምፒውተር ባለሙያ፣ አቶ ገነነን፣ ያስጨነቀው ግን ሌላ ነገር ነበር። ሰርቨሩ የት ይቀመጣል? ማንም ሳያዝዘው ከመጋዘኑ ጀርባ አንዲት ክፍል አስጠርጎ፣ በሯ ላይ «ሰርቨር ክፍል፤ ያለ ፈቃድ መግባት ክልክል ነው» የሚል ወረቀት ለጥፎ፣ ሦስት ቁልፍ አስቀርጾ፣ ሦስቱንም በኪሱ ይዞ ይዞራል። ውስጧ ያለው ባዶ ጆንያ ነው፤ ቢሆንም ያለ ፈቃድ አይታይም።

ሠርክአዲስ የሚቀመጥ ሰርቨር እንደሌለ ለማስረዳት ሞከረች። ፕሮግራሙን ከሚያስፈልገው ሁሉ ጋር በአንድ ኮንቴይነር አሽጋዋለች። እንደ አገልግል ነው፤ ፍኖተ ሰላም ታስሮ የትም ቢፈታ ያው ምግብ ነው። አገልግሉን የሚፈታው ደግሞ በሩቅ አገር ያለ የክላውድ ድርጅት ነው። ደዋይ ከሌለ ምንም አይከፍትም፤ ደዋይ ሲበዛ ያንኑ አገልግል አባዝቶ አምስትም አሥርም ይከፍታል፤ ደዋዩ ሲበተን ይዘጋል። አቶ ገነነ ቢያንስ አንድ ማሽን ይቀመጥ፣ ሕዝቡ በዓይኑ የሚያየው ነገር ይፈልጋል ብሎ ተከራከረ። ሕዝቡ ያለው ራሱን ነበር።

«ደቦ ነዋ» አሉ ወይዘሮ ሀብትነሽ። «እኔ በዓመት አንዴ ለሚታጨድ ጤፍ ሠላሳ አጫጅ ዓመቱን ሙሉ ቤቴ አስቀምጬ አልቀልብም። ስጠራው ይመጣል፣ አጭዶ ይሄዳል። አንተ ገነነ፣ ክፍሏን ለጆንያው ተውለት።»

ሠርክአዲስ ቢሮዋ ሆና ሞከረችው። ጥበቃውን፣ ጸሐፊዋን፣ ጉዳይ ሊያስፈጽም የመጣውን ሳይቀር ተራ በተራ አስደወለች። ከአንድ እስከ አርባ ሳይዛነፍ ወጣ። በማግስቱ አሠማራችው፤ ባለሙያዎቹ «ዲፕሎይ አደረግሁት» ይላሉ። የዚያን ቀን ወደ ጅጋ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፍራ፣ አጠገቧ ለተቀመጠው ለማታውቀው ሰው ልንገረው አልንገረው ስትል መንገዱ አለቀባት።

የዘር ማደያው የመጀመሪያ ቀን ግንቦት ውስጥ አንድ ሐሙስ ሆነ። እዚህ ላይ ነው የወይዘሮ ሀብትነሽ ፍትሕ ወዳድነት ጣጣ ያመጣው። ማለዳ የተነሣው ሌላውን እንዳይቀድም ብለው፣ ከጥሩምባ በፊት ማንም እንዳይደውል አዘዙ። ልክ በሦስት ሰዓት የእድሩ ለፋፊ ከአፋፉ ላይ ሆኖ ይነፋል፤ ያን ጊዜ ሁሉም እኩል ይደውላል። ለሠርክአዲስ የነገራት አልነበረም። ጥሩምባው ሲነፋ ማን ሞተ ብላ ደነገጠች። የከተማ ሰው ስልክ የሚደውለው እንደ ስሜቱ ነው፤ እንጎች ሚካኤል ግን ስድስት መቶ ሆኖ በአንድ እስትንፋስ ደወለ።

መልእክቱ መድረስ ጀመረ። መምሬ እንድሪያስ ስልካቸውን ከፍ አድርገው ወደ መጋዘኑ በር መጡ፤ አንደኛ ናቸው። እልል ተባለላቸው። ከኋላቸው ያምሮት የምትባል ባለ ሁለት ጥማድ መሬት ሴት መጣች፤ እሷም አንደኛ ናት። ቀጥሎ ሁለት ወንድማማቾች መጡ፣ ሁለቱም አንደኛ። አምስተኛው አንደኛና ስድስተኛው አንደኛ በሩ ላይ ተጋፉ። ሰባተኛው አንደኛ አያ ላቀው ነበሩ።

«ይኸው፣ አንድ ብሎ ጽፎልኛል» አለች ያምሮት።

«የእኔስ ምን የሚል ይመስልሻል?» አሉ መምሬ እንድሪያስ። «በሌላው ብትጠረጥሪኝ፣ በማንበብ እንኳ አትጠርጥሪኝ።»

«መምሬ፣ እርስዎ በወዲያኛው ዓለም አንደኛ መሆንዎ አይቀርም። የዚህን ለእኛ ይልቀቁልን።»

ሰዉ ሳቀ። ሳቁ ሳያልቅ ከኋላ አንድ ድምፅ፣ አንደኛውስ ሰባት ይሁን፣ ግን የማን አባት ነው ከሰባቱ የገባው አለ። አያ ላቀው ስልካቸውን አንድ ጊዜ አዩትና ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱት። ያን ጊዜ ከመጋዘኑ ግድግዳ ሥር፣ ዱብ የሚል ተሰማ። የመጀመሪያው ድንጋይ ነበር። ወዲያው ሁለተኛው ተከተለው።

ሠርክአዲስ ኔትወርክ ከሚገኝበት ዋርካ ሥር ላፕቶፗን ጭኗ ላይ ዘርግታ፣ ክላውዱ የሚጽፈውን የሥራ መዝገብ ታያለች። ድርጅቱ ያጠፋው ነገር የለም። ስድስት መቶ ደዋይ ሲጎርፍበት ሰባት ኮንቴይነር ከፍቷል፤ እንደ ተነገረው። ያጠፋችው እሷ ናት። ፕሮግራሙ ስንት ላይ እንደ ደረሰ የሚያስታውሰው በራሱ ጭንቅላት ነበር። ቢሮዋ ውስጥ ሰው ተራ በተራ ሲደውል አንድ ኮንቴይነር ብቻ ስለ ተከፈተ፣ አንድ ጭንቅላት በትክክል ቆጠረ። ዛሬ ሰባት ጭንቅላት ተከፈተ፤ ሰባቱም እርስ በርስ ሳይተዋወቁ፣ እንደ ማንኛውም አዲስ ሹም፣ ከአንድ ጀመሩ።

ተነሥታ ወደ በሩ ሄደች።

«ጥፋቱ የእኔ ነው፤ የአባቴ እጅ የለበትም። ሰባት አጫጅ ጠርቼ፣ ነዶውን ሁሉም ለየራሱ እንዲቆጥር አደረግሁት። ቆጣሪው አንድ መሆን ነበረበት። አስተካክለዋለሁ።»

አቶ ገነነ ቁልፎቹን በኪሱ ውስጥ እያንኳኳ ቀረበ። ጭራሽ ክፉ ሐሳብ አልነበረውም፤ ኮንቴይነሩ ከአንድ በላይ እንዳይከፈት ገድቢውና አሁኑኑ ይለቅ አላት። ሠርክአዲስ አይሆንም ብላ ራሷን ነቀነቀች። ስድስት መቶ ሰው በአንድ አጫጅ ላይ ከወረደ እኩሌታው ደውሎ መልስ ያጣል፤ መልስ ያጣ ገበሬ ደግሞ ከዚህ በኋላ ለሚስቱም አይደውልም። ብዙ እጅ ይከፈት፣ ቁጥሩ የሚጻፍበት መዝገብ ግን ከሁሉም ውጭ አንድ ይሁን፤ እያንዳንዱ ኮንቴይነር ቁጥር ሲፈልግ መዝገቡን ይጠይቅ፣ መዝገቡም አንዱን ሳይጨርስ ሌላውን አያስተናግድ። እንዲህ ስትል ወይዘሮ ሀብትነሽን እያየች ነበር።

ወይዘሮ ሀብትነሽ አያ ላቀውን አዩ። አያ ላቀው ማንንም አላዩም።

«ቃሌ ቃል ነው» አሉ። «ግን ደቦ በአንድ ነዶ አይፈረድበትም። እስከ አምስት ሰዓት ስጧት። ከዚያ ወዲያ ድንጋዬን ራሴ ተሸክሜ ከመጨረሻው አኖራታለሁ።»

ተሰጣት። ዋርካው ሥር ተመልሳ ተቀመጠች። መዝገቡን ከፈተች፣ የቆጠራውን ክፍል ከፕሮግራሙ አውጥታ ከመዝገቡ ጋር አገናኘች፣ ከዚያ በራሷ ኮምፒውተር ላይ ሰባት ኮንቴይነር አንድ ላይ ከፍታ እንደ ጥሩምባው ሰዓት አስጮኸቻቸው። ይህን ትናንት ብታደርገው ኖሮ ብላ ራሷን ሰደበችና ቀጠለች። ከግድግዳው ሥር ድንጋዩ ይጨምራል፤ ሃያ፣ አርባ፣ ስድሳ። ጨዋዎቹ በጋቢያቸው ሸፍነው፣ ሌላ ጉዳይ እንዳላቸው እየተራመዱ ነው የሚያስቀምጡት። አንዱ ድንጋይ ከመቀመጡ አንድ ክንድ ወደፊት ተራመደ።

አሽጋ ስትልከው ኔትወርኩ እንደ ልማዱ ያነክሳል። እንደ እድል ሆኖ ክላውዱ የቀድሞውን ኮንቴይነር ያውቀዋል፤ አዲስ የተለወጠችዋን ስስ ክፍል ብቻ ላኪልኝ አላት። ያችም ክፍል ለመድረስ ከቡሬ የሚመጣ የጭነት መኪና ያህል ፈጀች፤ ደረሰች ግን። ለአምስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲል አዲሱ ሥራ ያዘ፣ አሮጌው ተሰናበተ። ሠርክአዲስ ለለፋፊው እጇን አነሣች።

ጥሩምባው ተነፋ። ስድስት መቶ ሰው ደወለ። ከዚያ ጥቂት ሰከንድ ምንም የለም፤ የተኛ ነገር ሲነቃ ትንሽ ይዘገያል። አቶ ገነነ ቁልፎቹን ማንኳኳት አቁሟል። አንድ ስልክ ጮኸ። ሦስት ጮኹ። ቀጥሎ ግቢው ሙሉ ጮኸ።

«አንድ ማን ነው?» አሉ ወይዘሮ ሀብትነሽ።

ከአጥሩ ጥግ አንድ እጅ ብቻ ወጣ። እናኑ የሚባሉ ባልቴት ነበሩ፤ ስልኩ የልጃቸው ነው፣ እንዴት እንደሚዘጋ ስለማያውቁ መልእክቱ ከተነበበላቸው በኋላም መልሰው ጆሯቸው ላይ አድርገውታል። ሁለት ተባለ፤ አንድ እጅ። ሦስት፤ አንድ እጅ። ወይዘሮ ሀብትነሽ እስከ ሠላሳ ጠሩ፤ የሌላውን ቁጥር ያነሣ አልተገኘም። ዋርካው ሥር አቶ ገነነ ጎንበስ ብሎ ስንት እንደ ተከፈተ ጠየቃት። ዘጠኝ አለችው። ቆጣሪውስ አለ። አንድ አለችው። ቀና ብሎ አጠገቡ ለቆሙት ገበሬዎች ነገሩ በባለሙያ አነጋገር ደቦ እንደሚባል ማስረዳት ጀመረ።

ከግድግዳው ሥር ሰባ ሁለት ድንጋይ ነበር። የማን ነው ሲባል የማንም አይደለም።

ሠርክአዲስ ላፕቶፗን ከድና አባቷን ፈለገቻቸው። በሰው ተከበው አገኘቻቸው። የቅድሙ ነገረኛ ድምፅ፣ አሁን ፊቱን ያሳየ፣ ምን ደረሰዎት ይላቸዋል። አያ ላቀው ስልካቸውን ከጋቢያቸው አወጡ፤ አርቀው ያዙና አነበቡ።

«አራት መቶ አሥራ ሁለት።»

«ልጅዎ ናት እንዴ ይህን የሠራችው?» ሰዉ ሳቀ።

«እሷ ናት» አሉ አያ ላቀው። አልሳቁም። «ቅድም አንደኛ ስሆን ሰባት ነበርን። አራት መቶ አሥራ ሁለት ግን እኔ ብቻ ነኝ። ሌላ ያለ እጁን ያውጣ።»

ማንም አላወጣም። ሳቁ ወደ እልልታ ሄደ፤ መምሬ እንድሪያስ፣ አሁን ሁለት መቶ ዘጠነኛው፣ ጀመሩት። ሠርክአዲስ ጎንበስ ብላ የአባቷን ጉልበት ልትስም ስትል እጇን ይዘው ቀና አደረጓትና፣ ሰው በሚያይበት በኩል አዙረው አጠገባቸው አቆሟት።

የቁጥር አራት መቶ አሥራ ሁለት ዘር መውሰጃ ቀን ቅዳሜ ነው፤ ወደ ቤታቸው መሄድ ይችሉ ነበር። አልሄዱም። ጀምበር እስክታዘቀዝቅ መጋዘኑ በር ላይ ቆመው የሚያልፈውን ሁሉ «አንተ ስንት ደረሰህ?» ይሉታል፤ መልሶ እንዲጠይቃቸው።