የአበጀ ላንድሮቨር ሞላሌ የወረደች ቀን

ኑ፣ ጠጋ በሉ። አንቺም ልጄ፣ ብርዱ ሳያገኝሽ ጋቢውን ደረብ አድርጊና እዚህ አጠገቤ ቁጭ በይ። የማወጋችሁ ስለ አንዲት አሮጌ ላንድሮቨር ነው፤ ሚሊኒየሙ የተከበረ ለታ ሳይሆን በዓመቱ የሆነ ነገር ነው።

መኪናዋ የልጄ የጌታነሽ ባል፣ የአበጀ ነበረች። ከመሐል ሜዳ ዘመሮ፣ ከመሐል ሜዳ ሞላሌ የገበያ ሰው ሲያመላልስባት ኖሮ ታሞ ሞተ፤ ነፍሱን ይማረው። ከዚያ ወዲያ ከባሕር ዛፉ ሥር ቆማ ቀረች። ጎማዋን ሣር ዋጠው፣ የኋላ ወንበሯ ላይ ዶሮ ዕንቁላል ጣለችበት። ጧት ጧት ጉም ውስጥ ሳያት፣ ተኝታ የምታልም ላም ትመስለኝ ነበር።

የልጅ ልጄ ወሰንየለሽ አሥራ ስምንት ዓመት እንደሞላት ደብረ ብርሃን ሄዳ መንጃ ፈቃድ አውጥታ መጣች።

"እማዬ፣ የአባዬን መኪና አሠርቼ ልንዳት" አለች።

ጌታነሽ የምትፈትለውን የበግ ጠጉር አስቀመጠች። "ወጣትነቴ ያለቀው አባትሽ ጉም ውስጥ በገባ ቁጥር የሞተሩን ድምፅ ሳዳምጥ ነው። አሁን ደግሞ ያንቺን ላዳምጥ? ለቁራሌ እሸጣታለሁ።"

"አንድ ቀን ብቻ እዪኝና ከዚያ ሽጫት።"

ጌታነሽ እንዝርቷን መልሳ አነሣች። "በሞላሌ ገበያ ቀን እኔኑ ጭነሽ ትሄጃለሽ። መንገድ ላይ ልቤ ከራደ ግን በማግሥቱ ቁራሌው ይጎትታታል" አለች።

ከመሐል ሜዳ መካኒኩን ፈንታን ጠራነው። ኮፈኑን ከፈተና ራሱን ነቀነቀ።

"አባባ ወልደ ጻድቅ፣ ይቺ የሚያስፈልጋት ጠበል ነው እንጂ መካኒክ አይደለም!"

"ጠበሉን ለኔ ተወው፤ አንተ ፍሬኑን ያዝ" አልኩት።

ፍሬኑን ፈታታው፣ ካንዴላዎቹን በነዳጅ አጠባቸው። እኔ የተቀደደውን ወንበር ጓሳ ሣር ሞልቼ በአሮጌ የበግ ጠጉር ባና ሰፋሁት። ወሰንየለሽ ከመኪናዋ ሆድ ሥር ተንጋላ ትውላለች፤ ስትወጣ ፊቷ ግራሶ ብቻ ነው።

"ሙሽራ መስለሻል እኮ!" ይላታል ፈንታ።

"በል ሚዜ ከሆንክ መፍቻውን አቀብለኝ!"

አንድ ጧት ሞተሯ እንደ ሽማግሌ ሳለና ነቃ። ዶሮይቱ እየጮኸች በመስኮት ወጣች። ጌታነሽ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ከደጃፍ ቆማ አየች።

የገበያው ዋዜማ ውርጭ ፈራሁ። እኛ መንዞች ለብርድ የምናውቀው መድኃኒት በግ ነው። ቆዳ ነጋዴ ሊወስዳቸው ጨው የነሰነስኩባቸው እርጥብ አጎዛዎች ነበሩኝ፤ ራዲያተሯ እንዳይሰነጠቅ ብዬ፣ አዲስ ጥጃ እንደማለብስ ኮፈኗንና ጎኗን አለበስኳት። ሌሊቱን ጉም ወረደ። ጧት አጎዛዎቹን አንስቼ ጣልኩና ተነሣን።

ጌታነሽ ከልጇ ጎን፣ እኔ ከኋላ። መንገዱ የለም፣ ሰማዩም የለም፤ ነጭ ብቻ። በደመና ላይ የምንንሳፈፍ መሰለኝና እንቅልፍ ሸለብ አደረገኝ። ድንገት ፍሬኑ ያዘ፤ ነቃሁ። ከጉሙ ውስጥ በግ ወጣ። ሌላም ወጣ። ለገበያ የሚነዱ በጎች ናቸው፤ ግን አላለፉንም። ከበቡን፤ በሩን፣ ኮፈኑን፣ መብራቱን ሳይቀር ይልሱ ጀመር።

"እናንተ ሰዎች!" ብሎ ጮኸ የበጎቹ ባለቤት፣ "መኪናዋን በጨው ነው እንዴ ያጠባችኋት? በጎቼን አስለቅቁኝ!"

"ወይኔ፣ የአጎዛው ጨው!" አልኩ።

ወሰንየለሽ ወደ እናቷ ዞረች። "እማዬ፣ ልብሽ ራደ?" አለቻት።

ጌታነሽ በሩን ከፍታ ወረደችና በነጠላዋ ጫፍ በጎቹን እየገፋች ለባለቤታቸው መለሰችለት። እኔ የምትገባ መስሎኝ ስጠብቅ፣ እሷ ከመኪናዋ ፊት ሄዳ ቆመች።

"በኔ ልክ ነይ!" አለች፤ መራመድ ጀመረች።

ነጭ ነጠላ በነጭ ጉም ውስጥ፣ ከኋላዋ ላንድሮቨሯ ቀስ እያለች። ሜዳው ላይ ስንደርስ ጉሙ ሳሳ፣ መንገዱ ተገለጠ፤ ጌታነሽ ግን አሁንም ከፊት ናት። ልጅቷ ክላክስ አላሰማችም፣ አልቸኮለችም። ኋላ ጌታነሽ ቆመች። ዞራ መኪናዋን አየች፣ ልጇን አየች። በቃ፣ ነገ ቁራሌ ነው አልኩ በልቤ።

ከመንገዱ ወጥታ ሣሩ ላይ ቆመች። "እለፊ" አለቻት።

"አንቺስ?"

"ከአባቴ ጋር በእግራችን እንመጣለን። ሞላሌ እንገናኝ።"

ወርጄ አጠገቧ ቆምኩ። መኪናዋ አለፈችን፤ አቧራ እንኳ አላስነሣችም።

ልጆቼ፣ የምነግራችሁ አጥቼ ዝም የምልበት ቀን ይመጣል። ያን ጊዜ እንዲህ ያለ ጉም ሲወርድ፣ ጌታነሽ ወደ ሣሩ የወጣችባትን ያቺን እርምጃ እባካችሁ አስቧት።