ጭረቷ የጠፋችበት ጉዳይ

ወይዘሮ ተሾመችን የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። ማሽኑ ወረቀቱን ውጦ አልተፋም ብሎ ሲንገጫገጭ የልጅ ልጃቸው ምስጢር መጀመሪያ ስልኳን ጠየቀች፤ ቀጥላ ደግሞ መነጽሩን ቤቱ ረስቶ የመጣውን ጋሽ መዝገቡን ጠየቀች። እሳቸው በሩ ሥር ዱካ ላይ ነጠላቸውን አጣፍተው ተቀምጠዋል። ዞር ብሎ ያያቸው የለም።

«እኔም እኮ እዚሁ ነኝ፤» አሉ። «ገና አልቀበራችሁኝም።»

«እማማ ደግሞ፣ ስለ ፕሪንተር ምን ብዬ ልጠይቅሽ?»

«አሮጌውን ለቆራሌው አትስጪ ያለሽ ማን ነበር?»

ምስጢር የማሽኑን ክዳን ከፍታ የታኘከውን ወረቀት በጣቶቿ ትስብ ጀመር።

አሮጌው ማሽን ባለቤታቸው ይሠሩበት ከነበረው መሥሪያ ቤት በጨረታ ገዝተው ያመጡት ነበር። ግራጫ፣ ከባድ፣ ሲሠራ ጠረጴዛውን የሚያንቀጠቅጥ ግንድ ነገር። አቧራ ይጠጣል፣ መብራት ሲሄድና ሲመጣ ያጉረመርማል፤ ግን ተናግሮ አያውቅም። የሰጡትን ወረቀት አጥቁሮ ይመልሳል። የሀና ማርያም ሰፈር ሰው የልደት ካርዱን ቅጂ፣ የቤት ኪራይ ውሉን፣ የለቅሶ ቤት የሕይወት ታሪኩን ያወጣው በእሱ ነው። ከዚያ ምስጢር ይህችን ነጭ፣ ትንሽ፣ በስልክ የምትታዘዝ ማሽን ገዛችና አሮጌውን ቦታ ፈጀ ብላ ለቆራሌው ሸጠችው። ቆራሌው ግቢውን አቋርጦ ለመውጣት መንገድ ላይ አውርዶ ማረፍ ነበረበት። ወይዘሮ ተሾመች ያን ዕለት በር ላይ ቆመው ሸኙት።

ነጯ ማሽን ከመጣች ክረምትና በጋ አልተፈራረቀባትም። መጀመሪያ ቀለሟ ግማሽ እያለ አልቋል ማለት ጀመረች። «ዕቃው መደርደሪያ ላይ እያለ አልቋል የሚል ባለሱቅ አውቃለሁ፤ እሱ እንኳን የሚደብቀው ዋጋ ሊጨምር ነው፤» አሉ ወይዘሮ ተሾመች። ቀጥሎ ወረቀት ማኘክ አመጣች። ጠጋኙ በፍቃዱ መጥቶ ሆዷን ከፍቶ ሲያያት ጥርሷ ሁሉ ፕላስቲክ ነው።

«እማማ፣ ይቺ ተከፍታ እንድትጠገን አልተሠራችም። ስትበላሽ እንድትጣል ነው፤» ብሎ ነበር።

«እንድትጣል ተብሎ የሚሠራ ምን ዓይነት ሥራ ነው? ሠሪው አያፍርም?»

በፍቃዱ ሳቀ።

ዛሬ ግን የሳቅ ቀን አልነበረም። መንገዱ ሊሰፋ ነውና የእድሩ ዕቃ ቤት፣ ድንኳኑ፣ አግዳሚው፣ ድስቱ ሁሉ ያለበት የቆርቆሮ ቤት ይነሣል። ምትክ ቦታ የሚፈልግ እድር ማመልከቻውን ለወረዳው እስከ ዛሬ ማስገባት አለበት። ዛሬ ያላስገባ እድር ድንኳኑን ማንም ሳሎኑ ውስጥ አያሳድርለትም፤ ሰው ሲሞት ለቀስተኛው ፀሐይና ዝናብ ላይ ሊቀመጥ ነው። የእድሩ ሰብሳቢ ደግሞ ወይዘሮ ተሾመች ናቸው።

ሰብሳቢ የሆኑት በቀላሉ አይደለም። ጡረተኛው አስተማሪ ጋሽ መዝገቡ በምርጫው ቀን ብድግ ብሎ፣ «ፊደል ያልቆጠረች ሰው ብንመርጥ ማህተሙን ገልብጣ ትመታዋለች፤» ብሎ ነበር። ሰው ሳቀ። ከሳቀ በኋላ ግን እጁን ያወጣው ለእሳቸው ነው፤ መዝገቡን ጸሐፊ አደረጉት። ወይዘሮ ተሾመች የዚያኑ ቀን የማህተሙ እጀታ ላይ፣ ጽሑፉ ወደ ላይ በሚሆንበት በኩል፣ ቀይ ክር አሰሩበት። ከዚያ ወዲህ አንድም ጊዜ አልተገለበጠም።

«ወይዘሮ ተሾመች፣» አለ ጋሽ መዝገቡ፤ «ቢፈቅዱልኝ እኔ በእጄ ልጻፈውና ራሴው ይዤው ልሂድ።»

«በእጅ የተጻፈ? የታችኛው ሰፈር እድር በማሽን አስጽፎ ሲገባ የእኔ እድር የእጅ ጽሑፍ ይዞ ይግባ? ደግሞስ ይዞ መሄዱ ለምን የእርስዎ ይሆናል? እግሬም ፊደል አልቆጠረም አሉ?»

«እንደሱ አላልኩም።»

«ያሉትን አንዴ ብለውታል፤ ይበቃናል።»

ማሽኗ በዚህ መሃል ሆዷ ጮኸ፤ አንዲት ወረቀት እየተንቀጠቀጠች ወጣች። ወይዘሮ ተሾመች ከዱካው ተነሥተው ምስጢር ሳትደርስባት አነሧት።

«ቆይ እማማ፣ ልያት። መስመር መስመር ያለባት መሰለኝ።»

«ልብስ ናት እንዴ መስመር የምትመርጪላት? ጥቁር በነጭ ነው፤ በቃኝ። ስሜን ከላይ አድርገሽዋል?»

«እንዳልሽኝ አድርጌዋለሁ፤ ስም ከላይ አይጻፍም ግን።»

«የኔ ይጻፋል።»

«ሌላ ላውጣልሽ፣ ትንሽ ታገሺኝ፤» አለችና ምስጢር ማሽኗን ነካች። ማሽኗ ቀይ መብራቷን አበራች፤ ቀለም አልቋል። ጋሽ መዝገቡ ወረቀቷን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ፣ አርቆ፣ «መነጽሬን ላምጣና ልይልዎት፤» አለ። ወይዘሮ ተሾመች መነጽሩን አልጠበቁም። ቀይ ክሩን ወደ ላይ አድርገው ማህተሙን መቱ፣ ወረቀቷን ላስቲክ ውስጥ ከተቱ፣ ማህተሙን ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጠሩና ወጡ።

ታክሲው ውስጥ ረዳቱ፣ «እማማ፣ ያቺን ላስቲክ ጭንዎት ላይ ያድርጓት፣ ሰው ይቀመጥ፤» ሲላቸው፣ «ይቺ አንተ ከምታውቃቸው ሰዎች ሁሉ ትበልጣለች፤» ብለው በደረታቸው ያዟት። እስኪወርዱ አልለቀቋትም።

ወረዳው ግቢ ከቢሮው በር ፊት ሰው ተሰልፏል። በሩ ላይ ወረቀት ተለጥፏል። ፊደሎቹ ከቀኝ በኩል ወደ ታች ዘቅዝቀዋል፤ የሰው እጅ እንደሆነ ላላነበበም ያስታውቃል። አጠገባቸው የተሰለፈውን ሰውዬ ምን ይላል አሉት።

«ምትክ ቦታ የሚጠይቁ ማኅበራትና እድሮች እስከ ዛሬ የሥራ መውጫ ሰዓት ብቻ ይላል፣ እማማ።»

«እኔም የመጣሁት ለዚሁ ነው። የእድር ሰብሳቢ ነኝ፤» አሉት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፤ ቀጥሎ ያለውም እንዲሰማ።

ተራቸው ደርሶ ሲገቡ መስኮቱ አጠገብ አንዲት ወጣት ሠራተኛ ተቀምጣለች፤ ቤቴል ይሏታል። ወረቀቷን ተቀብላ ማንበብ ጀመረች፤ ከዚያ አፏን በእጇ ያዘች። ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ።

«ምነው ልጄ? ያስቃል እንዴ?»

«ይቅርታ እማማ። እርስዎ ወይዘሮ ተሾመች ነዎት?»

«ነኝ። ስሜ ከላይ አለልሽ።»

«እሱ ነው ችግሩ። ስሙ ከላይ አለ፤ ከስሙ በፊት ደግሞ… 'ገዳዩ' ይላል።»

በሩ ላይ ቆሞ ተራ የሚጠብቅ አንድ ሰውዬ ጆሮውን አቀና።

«ማን ነው ገዳዩ?»

«'ገዳዩ፦ ወይዘሮ ተሾመች በሰብሳቢነት የሚመሩት እድር' ይላል። 'ጉዳዩ' ለማለት ነው እኮ፤ ማሽኑ በልቶት ነው። እዚህ ጋ ነጭ መስመር አለፈበት፣ የ'ጉ'ን ጭረት ይዟት ሄደ። ጭረቷ ስትጠፋ 'ገ' ሆነ።»

«አንዲት ጭረት?»

«አንዲት ጭረት።»

በሩ ላይ የቆመው ሰውዬ አላስቻለውም። «እንዲህ ከሆነማ እማማ፣ የሚገድሉትም እርስዎ የሚቀብሩትም እርስዎ ነዎት። እድሩ ሥራ አያጣም።»

ተሰልፎ የነበረው ሁሉ ሳቀ። ወይዘሮ ተሾመች ጆሯቸው ጋለ። ዞር ብለው ሰውየውን ከእግር እስከ ራሱ አዩት።

«አንተንስ ለመቅበር እኔ አያስፈልግም፤ ምላስህ ይበቃሃል፤» አሉት። አሁን ደግሞ ሳቁ በሰውየው ላይ ሆነ።

ቤቴል ወረቀቷን መለሰችላቸው። «እማማ፣ እውነቴን ነው፣ ይህን ፋይል ውስጥ ባስገባ የምጠየቀው እኔ ነኝ። አስተካክለው ያምጡልኝ። ሳንወጣ ከደረሱ እቀበልዎታለሁ።»

ከግቢው በር ማዶ ጌቱ የሚባል ልጅ የፎቶ ኮፒ ቤት አለው። ወይዘሮ ተሾመች ምስጢርን በጌቱ ስልክ አስጠሩና ማመልከቻውን በቴሌግራም አስላኩለት። ጌቱ ተቀበለ፣ አየ፣ ሳቀ፣ አዘዘ። የእሱም ማሽን ነጭ፣ ትንሽ፣ የምስጢርን ማሽን እህት የምትመስል ናት። አጉረመረመች፣ ወረቀቱን ነከሰች፣ ቆመች።

«ይቺንም አውቃታለሁ፤» አሉ ወይዘሮ ተሾመች። «አሁን አልቋል ልትል ነው።»

ቀይ መብራት በራ።

«ቀለሙን ትናንት ነው የቀየርኩት እኮ፤» አለ ጌቱ እያፈረ። «ትልቁ ማሽኔ ጥገና ገብቷል። በፊት በፊት አንድ ማሽን የሚገዛ ሰው ልጁን አሳድጎበት ያወርሰው ነበር። አሁን ሳጥኑን ሳንጥል ማሽኑን እንጥላለን።»

ስልኩ ላይ ጋሽ መዝገቡ ገባ። «ወይዘሮ ተሾመች፣ እኔ መነጽሬን ላምጣ ብዬ ነበር።»

«ብለው ነበር።»

«ልምጣ? በእጄ ጽፌ…»

«ከዚያ እስከዚህ ታክሲ ጠብቀው ሲደርሱ በሩ ተዘግቶ ቁልፉን ይሳለሙታል። ይቀመጡ።» ስልኩን ለጌቱ መለሱለት።

መንገዱን ሲሻገሩ መኪና ጥሩንባ ነፋባቸው፤ አልቸኮሉም። ወደ ቢሮው ሲመለሱ ሰልፉ አልቋል። ቤቴል ቦርሳዋን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ ፋይሎቹን ትደራርባለች።

«አላመጡም እማማ?»

«የማዶውም ማሽን ሞተ። ያ ጥግ ላይ በጨርቅ የተሸፈነው ምንድን ነው?»

ቤቴል ወደ ጥጉ አየችና ፈገግ አለች። «የኛው ፕሪንተር ነው። እሱም አይሠራም። አዲስ ነው እኮ።»

«አዲስ ስለሆነ ነዋ።»

«እማማ፣ ምን ላድርግዎት? ነገ አንድ የተማረ ሰው ይዘው ይምጡና አለቃዬን ያናግሩት።»

«ነገ የለም ይላል በርሽ ላይ ያለው ወረቀት። እሱን በምን ጻፋችሁት?»

«እሱን? እኔ ነኝ በማርከር የጻፍኩት። ፕሪንተሩ ስላልሠራ።»

«ታዲያ ይህ ሁሉ ሰው በእጅሽ የጻፍሽውን አንብቦ መጥቶ ተሰልፎ ዋለ አይደለም? በእጅ ነው አልቀበልም ያለሽ አለ?»

ቤቴል በጣቷ ብዕሯን አሽከረከረች።

ወይዘሮ ተሾመች ወንበሩን ስበው ሳይጠየቁ ተቀመጡ። ጠዋት በእጅ የተጻፈ አልይዝም ብለው ጋሽ መዝገቡን የመለሱት ትዝ አላቸው፤ ትዝ ቢላቸውም ፊታቸው አልተለወጠም። መዝገቡ የጻፈው የመዝገቡ ወረቀት ይሆን ነበር። ይህ የወረዳው እጅ ነው።

«ብዕርሽን ያዢ። እኔ እናገራለሁ፣ አንቺ ትጽፊያለሽ። ጨርሰሽ ታነቢልኛለሽ። ካላልኩት አንድ ቃል ከጨመርሽ አውቅብሻለሁ፤ ያቃተኝ ማንበብ ነው እንጂ መስማት አይደለም።»

ቤቴል ሰዓቷን አየች። ከዚያ ቦርሳዋን መሬት ላይ አወረደችና ንጹሕ ወረቀት ሳበች። «እሺ። ጉዳዩ… ስምዎን ግን ከታች ላድርገው፣ ደንቡ እንደሱ ነው።»

«ከላይ። ገዳይ የተባልኩት ከላይ ነው፤ ሰው ፊት ነው። ሰብሳቢ ስባልም ከላይ ይሁን።»

ልጅቷ ሳቋን ዋጠችና ጻፈች። ወይዘሮ ተሾመች ስለ ድንኳኑ፣ ስለ አግዳሚው፣ በክረምት ስለሚቀበረው ሰው ተናገሩ፤ ብዕሩ ተከተላቸው። ሲያልቅ ቤቴል አነበበችላቸው። አንድም ቃል አልጎደለም፤ አንድም አልተጨመረም። በነጠላቸው ጫፍ ያለውን ቋጠሮ መፍታት ጀመሩ፤ ግማሹን ፈትተው እጃቸውን ገቱ።

«ያቺ ጭረት የታለች?»

«የቷ?»

«ገዳይ ያሰኘችኝ።»

ቤቴል ወረቀቷን አዙራ የመጀመሪያዋን ፊደል በብዕሯ ጫፍ ነካች። ከፊደሏ ጎን የወጣች፣ የቅንድብ ጸጉር የምታህል ነገር። ወይዘሮ ተሾመች ጎንበስ ብለው ብዙ አዩዋት። ጣታቸውን አስጠጉ እንጂ አልነኳትም።

«ይቺ ናት?»

«እሷው ናት፣ እማማ።»

«ቀጭን ናት።»

«ትነበባለች እኮ፤ ማንም ያነባታል።»

ወይዘሮ ተሾመች ማህተሙን ከቋጠሮው አውጥተው ቀይ ክሩን ወደ ላይ አዞሩት፤ ግን አላወረዱትም፤ ከወረቀቷ በላይ ያዙት።

«አድምቂያት። ደግመሽ ሂጂባት፤ እዚህ ሆኜ እኔም ካላየኋት ማህተም አልመታም።»