ቨርና ያሰረችው ፈቃድ

ግራንት አዲሱን ቀላል ጠመንጃውን አንግቶ የዋዮሚንግን ተራራ ሲወጣ ስለ ክብደቱ ማነስ ብቻ ነበር የሚያወራው። ከኋላው የምትከተለው እህቱ ቨርና ሰልችቷታል። በወጉ እንዳልተለማመደበት ታውቃለች።

ከሸለቆው ማዶ አንድ ቀንዳም አጋዘን ብቅ ሲል፣ ግራንት ጠመንጃውን ድንጋይ ላይ ጣል አድርጎ አነጣጠረ።

«ኧረ ቦርሳህን ከሥሩ አድርግ!» አለች ቨርና በሹክሹክታ። «ቀላል ጠመንጃ ይዘላል። የፊት እንጨቱን በግራ እጅህ ጨብጠህ ወደ ትከሻህ ሳበው፤ ሁሌም እንደዚያው። አያያዝህን ያየ ጭብጦህን ይቀማሃል።»

«አንቺ ደግሞ! ስተኩስ አትለፍልፊብኝ።»

ተኮሰ። አፈሙዙ ወደ ላይ ዘለለ፤ አጋዘኑ ተንገዳግዶ ማዶ ካለው የጥድ ጫካ ውስጥ ገባ።

በአባታቸው ሕግ፣ አውሬ ያቆሰለ ሰው አገኘውም አላገኘውም አደኑ አበቃ፤ የአደን ፈቃዱን በቢላ ይቀድዳል። ፈቃዱ ደግሞ አንድ አውሬ ብቻ የሚያስገድል፣ ከተገደለው ቀንድ ላይ የሚታሰር ወረቀት ነው፤ የሚገኘውም በዕጣ ነው፤ ወንድምና እህት ዓመታት ጠብቀው ነው የደረሳቸው።

ግራንት ቀድሞ ማዶ ደረሰ። ሣሩ ላይ ደም አየ። ወዲያው በጫማው አፈር መለሰበት። ትልቅ ሰው ነው እንግዲህ ይሄ!

«ስቼዋለሁ» አለ ቨርና ስትደርስ። «ጠመንጃው ነው የማይረባው።»

ቨርና ጫማውን አየች። ጠመንጃውን ከእጁ ወስዳ፣ የራሷን ከባዱን አስያዘችውና ጥዱ ውስጥ ገባች። እሱም አንገቱን ደፍቶ ተከተላት።

አጋዘኑ የኋላ እግሩ ተሰብሮ ቆሞ ነበር። ቨርና ቦርሳዋን አንጥፋ ተኛች። የፊት እንጨቱን ጨበጠች፣ ሰደፉን ትከሻዋ ውስጥ ሳበች፣ ጉንጯን አስደገፈች፣ ትንፋሿን ለቀቀች። በአንድ ጥይት ወደቀ።

«ጠመንጃህ ደህና ነው» ብላ ጠመንጃውን መለሰችለት።

ከዚያ የራሷን ፈቃድ አውጥታ ቀንዱ ላይ ታስር ጀመር።

«ቨርና፣ ተይ እንጂ! ያቆሰልኩት እኔ ነኝ።»

«አንተማ ስተኸዋል። የገደልኩት እኔ ነኝ፤ የገደለ ያስራል።»

ግራንት መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። ፈቃዱን ከኪሱ አውጥቶ በቢላው ቀደደው። ቀንዱ ላይ የታሰረው የእሷ ፈቃድ ግን አልተመለሰላትም፤ ኀፍረቱም አልቀለለውም።

ቨርና ቀና ብላ እንኳ አላየችውም።

«በል እግሩን ያዝልኝ» አለችው።