አምስት መቶ ሜትር

ጎረቤቶቹ «ወይ ፍንክች» የሚል ስም አውጥተውለታል፤ አልተሳሳቱም። ፓርቲው የንፋስ ተርባይን አይተከልም ብሎ በምርጫ ሰሞን ከለፈፈ ወዲህ፣ ተርባይን ሊተከልበት የታሰበውን፣ ከእርሻው ጋር የሚዋሰነውን ኮረብታ ባየ ቁጥር ቆሽቱ ያርራል። ኮረብታው የጎረቤቱ ነው፤ ጎረቤቱ ደግሞ የሌላው ፓርቲ ሰው። ከዚህ በላይ ምን ምክንያት ያስፈልጋል? ስለ ድምፁና ስለ ወፎቹ የሚያወራው ሁሉ በኋላ የተለጠፈ ነው። ጎረቤቱ ለመትከል ፈቃድ ሁለት ጊዜ አመልክቶ ሲወድቅም፣ የጣለው የእሱ ንግግር መስሎት ደረቱን ነፍቶ ከረመ።

በመንደሩ ስብሰባ የተርባይኑ ደጋፊዎች እጅ ሲቆጠር፣ ከኋላ ወንበር ታናሽ እህቱ እጇን አወጣች። ባሏ የሞተባት ሴት ናት።

«ንፋሱ እንደሆነ የማንም ፓርቲ አባል አይደለም» አለች።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እሱ አልሳቀም።

በማግስቱ ጠዋት፣ ኮረብታው ግርጌ እህቱን አሥራ አንድ ዓመት ወዳኖረባት ትንሽ ቤቱ ሄደ።

«በቤቴ ተቀምጠሽ ለጠላቴ እጅ አታወጪም። ልቀቂልኝ!»

ያኑ ዕለት የስፌት መኪናዋን አስጭና ከተማ፣ ልጇ ዘንድ ገባች።

በወሩ ኮረብታውን የሚለካ የመንግሥት ቀያሽ መጣ።

«ተርባይን ሰው ከሚኖርበት ቤት በአምስት መቶ ሜትር ውስጥ አይተከልም» አለው። «የእርስዎ መኖሪያ ሩቅ ነው። ጎረቤትዎን ሁለቴ የጣለችው ይህቺ ቤት ነበረች። አሁን ባዶ ስለሆነች አትቆጠርም። እስከ ዓርብ ሰው ካልገባባት ይፈቀድላቸዋል።»

ለካ ኮረብታውን የጠበቀችለት እሷ ኖራለች! በገዛ እጁ አባረራት።

በነጋታው ከተማ ሄዶ እህቱን የሰው ኮት ስታሳጥር አገኛት። ተነስታ ወንበር ሰጠችው፤ ውሃም አመጣችለት።

«ነይ ተመለሺ» አለ ገና ሳይጠጣ። «ጣሪያውን አድስልሻለሁ። ብቻ ከዓርብ በፊት ግቢ፤ ቀያሹ...»

መልሳ የጀመረችውን የስፌት መኪና አቆመች። «ናፍቀሽኛል ልትለኝ የመጣህ መስሎኝ ነበር፣ ወንድም ጋሼ።»

«እሱማ... እሱም አለ።»

«ቀያሹ ባይመጣ ኖሮ ትመጣ ነበር?»

ወይ ፍንክች ያልተነካውን ብርጭቆ ወለሉ ላይ አስቀመጠ።

«እጄን ያወጣሁ ቀንም እኮ እህትህ ነበርኩ» አለች። «በል ተነስ፣ አውቶቡሱ እንዳያመልጥህ።»