እትዬ የጣፈችው ሰማይ

ይህ ታሪክ ከራሱ እስከ እግሩ እውነት ነው። ከዋሸሁ የቤቴ አምፖል በሙሉ ዛሬውኑ ይቃጠል፤ ዓመት ሙሉ እራቴን በዳበሳ ልብላ። አምስተኛ ክፍል ላይ ከትምህርት ቤት የተባረርኩት በውሸት ነው የሚሏችሁንም አትስሟቸው፤ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።

የታሪኬ ሰው ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። ቶሎ ስለሚቃጠል ሰፈሩ «ፊውዝ» ይለዋል። የሰፈሩ የቲያትር ቡድን ድራማ ባሳየ ቁጥር መብራቱን የሚያበራውም የሚያጠፋውም እሱ ነው፤ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ። በነዚህ ዓመታት ለተዋናዩ ተጨብጭቧል፣ ለደራሲው ተጨብጭቧል፣ አንድ ጊዜ መንገድ ስታ መድረክ ላይ ለወጣች ድመት እንኳ አዳራሹ እስኪናጋ ተጨብጭቧል። ለመብራቱ ግን እጁን ከኪሱ ያወጣ ሰው የለም።

«እኔ ባላበራ ድመቷን በምን ሊያዩአት ነበር?» ይላል ፊውዝ፣ ይህን ባነሱበት ቁጥር። ባያነሱበትም ይላል።

እናም የአዲሱ ድራማ መጨረሻ ሜዳ ላይ፣ በሌሊት፣ ከከዋክብት ሥር ነው ሲባል ልቡ ዘለለ። አንድ ጊዜ፣ አንዲት ጊዜ ብቻ፣ ሰው ቀና ብሎ የእጁን ሥራ እንዲያይለት ፈለገ። አዘጋጁ ግን፣ በጋ ከክረምት ስካርፍ ከአንገቱ የማይለየው ያ ሰው፣ እጁን አወናጨፈበት።

«ገንዘብ የለም ወንድሜ። ተዋናዩ ወደ ጣሪያ ይጠቁምና ‹አቤት ከዋክብቱ!› ይላል። አለቀ።»

«ጣሪያው ላይ ያለው እኮ የሸረሪት ድር ነው!»

«ተመልካች በሐሳቡ ይሙላው።»

«በሐሳቡ የሚሞላማ ቤቱ ተጋድሞ ይሞላ ነበር! ለእኔ ተወው። ሰባራ ሳንቲም አልጠይቅህም።»

«እሺ እሺ። ካልሠራ ግን የጣሪያውን መብራት ቦግ አድርገን እንጫወታለን። ያንተንም ቦታ ለአማቼ እሰጠዋለሁ። እሱ ቢያንስ አይነዛነዝም።»

ፊውዝ ሥራ ጀመረ። አሮጌ ጥቁር መጋረጃ ከመጋዘን ጎትቶ አወጣ። ሽቦ በሚበይድበት ትኩስ ብረት አራት መቶ ሃያ ቀዳዳ በሳበት፤ በመርፌ ቢበሱት ጨርቁ ተመልሶ ይገጥማል፣ በእሳት ሲበሱት ግን ጠርዙ ይደርቅና ክፍት ሆኖ ይቀራል። አንዳንዱን ቀዳዳ ምስር የሚያክል አደረገው፣ አንዳንዱን የመርፌ ዐይን። ከኋላው አሥር አምፖል ደረደረ፣ ከአምፖሎቹ ፊት ሰማያዊ ፌስታል ወጠረ። መጀመሪያ አስጠግቶት ስለነበር ፌስታሉ ቀልጦ አዳራሹን አገማው፤ ከዚያ አንድ ክንድ አራቀው። የሚስቱን ነጭ ሳፋ ቂጡን ቆርጦ፣ የራሱን አምፖል ከኋላው ሰክቶ ከጨርቁ በላይ ሰቀለውና ጨረቃ አደረገው። ሚስቱ ያን ዕለት ያለችውን እዚህ አልጽፈውም፤ ወረቀቱም አይችለውም።

አዘጋጁን ሦስት ጊዜ ሊያሳየው ጠራው። ሦስቱንም ጊዜ አዘጋጁ ስልኩን ጆሮው ላይ እንደለጠፈ «እሺ እሺ» አለ እንጂ ከመድረኩ ኋላ ብቅ አላለም። ፊውዝም ጨርቁን አጣጥፎ እስከ እሁድ መጋዘን አስቀመጠው።

እሁድ ደረሰ። ትርኢቱ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ፀሐይ እንዳትገባ የአዳራሹ መስኮቶች በሙሉ በካርቶን ተደፍነዋል። ፊውዝ ስድስት ሰዓት ላይ ገባ። ሰማዩ ተሰቅሏል። እንዲያውም ታጥቦና ተተኩሶ ነው የተሰቀለው። «አሁን ገና ሰው ሆኑ» አለና መብራቱን አበራ።

ጨለማ።

አምፖሎቹን አየ፤ በርተዋል። ሶኬቱን ነቀነቀ፤ ደህና ነው። ጨርቁን ከፊት አየው፣ ከኋላ አየው፣ በጎን አየው። አንዲት ኮከብ የለችም። ሰማዩ ድርግም ብሏል፤ የተረፈችው የሳፋዋ ጨረቃ ብቻ ናት።

በዚህ መሀል ታላቅ እህቱ ከልብስ ክፍሉ ወጣች። የቡድኑን ልብስ የምትሰፋው እሷ ናት፤ በሰፈሩ የተቀደደ ሱሪ እሷ ጋ ገብቶ የተቀደደበትን ቦታ ያገኘ ሰው የለም። መርፌ እንዳይወጋት የምታጠልቃት የብረት ቆብ ገና ጣቷ ላይ ናት፤ ዐይኗ ቀልቷል።

«እህ፣ ምስጋናው የታል?» አለች።

«የምን ምስጋና?»

«መጋረጃውን አይጥ ወንፊት አድርጎት የለ! አዘጋጁ ፀሐይ ሊከልልበት መስኮት ላይ ወጥሮ አየውና ‹እሁድ የሰው መሳቂያ ልንሆን ነው፣ ድረሺልኝ› ብሎ ላከልኝ። ሦስት ቀን ሙሉ! አራት መቶ ሃያ ቀዳዳ! አንድም አላመለጠኝ።»

ፊውዝ መሬት ላይ ቁጭ አለ።

«እትዬ፣» አለ ቀስ ብሎ፤ ቀስ ሲል ነው የሚያስፈራው፣ «እነዛ ከዋክብት ነበሩ።»

«ምን?»

«ከዋክብት! ከዋክብቱን ደፈንሻቸው! ሰማዩን ጥፈሽ አመጣሽልኝ!»

«ታዲያ እኔ በምን ልወቅ? ጽፈህበታል? አይጥ ነው ተባልኩ፣ ጣፍኩ! ደሞ አትጩህብኝ፣ ዐይኔ እስኪፈስ ሰፍቼ!»

«አይጥ በትኩስ ብረት ይበሳል እንዴ?»

«የሰፈሩን አይጥ አታውቀውም!»

ሁለቱም እውነት ነበራቸው፤ ለዚህ ነው ጩኸቱ ያላቆመው። በመጨረሻ ፊውዝ ወስፌ አንስቶ ወደ ጨርቁ ሄደ። ግን የት ይውጋ? የእትዬ ጥፈት ነው፤ አፍንጫውን አስጠግቶ እንኳ ቀዳዳው የቱ ጋ እንደነበር ሊለየው አልቻለም። ወስፌውን ወረወረው። ጣሪያው ላይ ያለውን የሸረሪት ድር አየና የአዘጋጁ አማች ማብሪያው አጠገብ ተኮፍሶ ታየው።

እትዬ ወስፌውን ከመሬት አንስታ ሰጠችው። ከዚያ ወደ ጨርቁ ጠጋ ብላ ዐይኗን ጨፈነችና በመዳፏ ዳበሰችው።

«ይቅርታ ወንድሜ፣» አለች። «የራሴን ስፌት ጣቴ ያውቀዋል። መቀሱን ስጠኝ።»

እሷ እየዳበሰች ክሩን ቀጭ ታደርጋለች፣ እሱ ከኋላ ቀዳዳውን በወስፌ ይከፍታል። «እዚህ። እዚህ። ይችኛዋ ስታስለቅሰኝ ነበር፣ እዚህ።» ሕዝቡ መግባት ሲጀምር ከግራ በኩል ያለው ሩብ ያህሉ እንደተደፈነ ቀረ።

የመጨረሻው ትዕይንት መጣ። ፊውዝ የፊቱን መብራት ቀስ አድርጎ አጠፋና ሰማዩን ለቀቀው።

ከፊት የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ «ውጪው በርዷል» ብለው የኮታቸውን ቁልፍ እስከ አንገት ቆለፉ። ሲነጫነጭ የቆየ ሕፃን መሽቷል ብሎ ተኛ። ተዋናዩ «አቤት ከዋክብቱ!» የምትለዋን ቃል ረስቶ አፉን ከፍቶ ቀረ፤ የረሳባት ዝምታ ከቃሉ በለጠች።

ድራማው አለቀና የፊቱ መብራት ተመልሶ በራ። አዘጋጁ ስካርፉን እያስተካከለ መድረኩ መሀል ቆመ።

«ክቡራን ተመልካቾች! ይህ የምታዩት ሰማይ የፈለቀው ከእኔ ጭንቅላት ነው። ሌሊት እንቅልፍ አጥቼ በሐሳቤ ሠራሁት። በግራ በኩል ያለውን ደመናማ ስፍራም ሆን ብዬ...»

ከመድረኩ ኋላ ፊውዝ ጆሮው ቀላ። እትዬ በክርኗ ጎሰመችው።

«ዝም ልትለው ነው? ‹አይጥ በላው› ያለኝ እኮ ይሄው ሰውዬ ነው!»

ፊውዝ እጁን ወደ ማብሪያዎቹ ሰደደ። የቀኙን የፊት መብራት አጠፋ፤ የአዘጋጁ ግማሽ ፊት ጠፋ። የግራውን አጠፋ፤ ስካርፉ ጠፋ። የመሀሉን አጠፋ፤ ሰውየው ራሱ ጠፋ። ከዋክብቱና የሳፋዋ ጨረቃ ብቻ ቀሩ።

«መብራት! መብራት!» አለ ጨለማው ውስጥ ያለ ድምፅ።

«በርቶ የለ እንዴ!» አለ አንድ ሰው ከኋላ ወንበር፣ ወደ ሰማዩ እየጠቆመ። ከዚያ ጭብጨባው ፈነዳ። ቀና ብለው ነበር የሚያጨበጭቡት፤ ማንም ወደ መድረኩ ወለል አላየም።

እትዬ በመጋረጃው ጠርዝ አንገቷን አሾለከች። «የሠራው ወንድሜ ነው!» ብላ ጮኸች። «ደመናው ደግሞ የእኔ ነው!»

ድመቷ ያገኘችውን ጭብጨባ ወንድምና እህት በእጥፍ አለፉት። ፊውዝ ግን ማብሪያውን እንደያዘ ቀረ፤ አዘጋጁ ተደናቅፎ ከመድረኩ እስኪወርድ ድረስ አላበራለትም።

እንግዲህ መጀመሪያ ምያለሁና፣ የቤቴም አምፖል ውድ ነውና፣ አንዲት ነገር ላርም። ሽማግሌው ኮታቸውን ቆልፈዋል፤ ሕፃኑም ተኝቷል። እትዬ ግን «ይቅርታ» አላለችም። ይቅርታዋን እኔ ነኝ የጨመርኳት። መቀሱን የጠየቀችው «አምጣ እንግዲህ፣ ዕድሜ ልክህን አስቸጋሪ!» ብላ ነው፤ እስከ ዛሬም ጥፋቱ የአይጥ ነው ትላለች።