የሐምሌ ገብርኤል ስምምነት

"ከሁለቱ የትኛው ነው?" አሉ እማማ ትብለጥ፣ በሩን ከፍተው እንዳዩን። መቀነታቸውን ጠበቅ አደረጉ። "አታድክሙኝ፣ ንገሩኝ! ንዋይ ነው ብርሃነመስቀል?"

"ኧረ እማማ፣ ማንም አልሞተም!" እታለማሁ ተንደርድራ አቀፈቻቸው።

ጥፋቱ የእኛ ነው። እኔ፣ እታለማሁና ጋሽ ንጉሡ ከኪዳን ስንመለስ፣ ነጠላችንን እንደለበስን፣ በማለዳ ሦስት ሆነን የአሮጊት በር አንኳኳን። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግም ቢሆን እንዲህ ሆኖ የሚመጣ መርዶ ነጋሪ ነው። እኛ ግን የሽምግልናችንን ውጤት ልንነግራቸው ነበር የመጣነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በፈረንጆቹ 2011፣ የመንግሥት የብድር ጣሪያ ከፍ ይበል አይበል እያሉ ሁለቱ ፓርቲዎች ሲናቆሩ፣ የእማማም ልጆች አብረው ተከፈሉ። ካልተስማሙ መንግሥት ለአረጋውያን በየወሩ የሚከፍለው ቼክ ላይመጣ ይችላል ተብሎ በቴሌቪዥን የተነገረ ዕለት፣ ብርሃነመስቀል እዚሁ ሳሎን ተቀምጦ፣ "ይኸው፣ ያንተ ሰዎች እማዬን ሊያስርቧት ነው" አለ።

"ያንተዎቹ ናቸው አገሩን በብድር የዘፈቁት! መጀመሪያ ወጪ ይቀንሱ!" ብሎ ንዋይ ሳህኑን ገፍቶ ወጣ። ንዋይ እኮ የሚመርጥበት ዜግነት እንኳን የለውም፤ በግሪን ካርዱ ነው የሚሟገተው።

ከዚያ ወዲህ ወንድማማቾቹ ተኳረፉ። አንዱ ሌላውን እንዳያገኝ ብሎ ከእናቱ ቤት ቀረ፤ ሌላውም እንደዚያው። እማማ ቼኩን ከነጭራሹ ረስተውታል። የለመኑን አንድ ነገር ብቻ ነው፦ በሐምሌ ገብርኤል ዝክራቸው ሁለቱን አንድ ማዕድ ላይ እንድናስቀምጥላቸው።

"እሺ፣ ምን አሉ?" አሉ፣ ቀልባቸው ሲመለስ።

ጋሽ ንጉሡ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "አሌክሳንድሪያ፣ ብርሃነመስቀል ቤት ድረስ ነድተን ሄድን። 'እሱ መጀመሪያ ይቅርታ ይጠይቅ' አለ። ንዋይን ኮል አደረግነው። እሱም፣ 'ይቅደማ' አለ።"

"ኋላስ?"

"ኋላማ ተደራደርን" አልኩ እኔ፣ ትልቅ ነገር እንደሠራ ሰው ደረቴን ነፋ አድርጌ። "ሁለቱም ይመጣሉ። ብርሃነመስቀል ስድስት ሰዓት መጥቶ ስምንት ላይ ይወጣል። ንዋይ ዘጠኝ ላይ ይገባል። ደረጃው ላይ እንኳን አይገናኙም።"

"ለጊዜው ነው እንግዲህ፣ እማማ" አለች እታለማሁ፣ መሬት መሬት እያየች። "ለከርሞ እንደገና እንነጋገራለን።"

ድምፁ በተዘጋው ቴሌቪዥን ላይ ክራቫት ያሰሩ ሁለት ሰዎች በየተራ ጣታቸውን ይቀስራሉ። እማማ ተነሡ። ለዝክሩ አጥበው ጠረጴዛው ላይ ያኖሩትን ሰፊውን ትሪ ቁም ሳጥኑ ውስጥ መለሱና ሁለት ትንንሽ ሳህን አወጡ። አንዱን በነጠላቸው ጫፍ ወለወሉ፤ ሌላውንም።

"ለቀብሬስ" አሉ ቀና ሳይሉ፣ "በስንት በስንት ሰዓት ቀጠራችኋቸው?"