በድልድዩ ራስ ላይ የጻፍኩት ዜሮ

ሥራውን የሰጡኝ ጽሕፈቴ ስለሚነበብ ነው። ትምህርት ያቋረጥኩት አራተኛ ክፍል ላይ ነው፤ ሰነፍ ሆኜ እንዳይመስላችሁ። መምህራችን ሲያነጥሱ ምን እንደሚመስሉ ለክፍሉ ሳሳይ ለካ ከኋላዬ ቆመዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የድሬዳዋ ከተማ ኮሚቴ አንድ አውቶቡስ አገኘና ከከዚራ ተነሥቶ የደቻቱን ወንዝ በድልድዩ ተሻግሮ እኛ ሰፈር መጋላ ድረስ እንዲመላለስ አደረገ። አውቶቡስ ካለ ታዲያ ጋሪ ምን ይሠራል? የኮሚቴው ሰብሳቢ ጓድ ወልደጻድቅ «ሳንሞክር አንወስንም» አሉ። ለአሥራ አምስት ቀን አንድ ሰው በድልድዩ ራስ ላይ ቁጭ ብሎ ማን በምን እንደሚሻገር ይጽፋል። ጋሪ ብዙ ሰው ካሻገረ ይቆያል። ካላሻገረ ድልድዩን ዳግመኛ አይረግጥም።

ጻፊዋ እኔ ነኝ፤ ኻድራ። አባቴ ዋበሪ ደግሞ ባለጋሪ ነው። የማን ልጅ እንደሆንኩ አልጠየቁኝም፤ እኔም ሳልጠየቅ የምመልሰው ለስድብ ብቻ ነው።

ወሬውን ይዤ ቤት ስደርስ ሙቀቱ ሰዉን ሁሉ ጥላ ሥር አስገብቶታል። አባቴና ጓደኛው ዒጋል፣ እሱም ባለጋሪ ነው፣ ጫታቸውን ይዘው ተጋድመዋል።

«አቦ» አልኩት አባቴን፤ «ደስ ይበልህ! ከነገ ጀምሮ ጋሪውን ጢም አድርገህ ጫን። የምቆጥረው እኔ ነኝ።»

አባቴ ወደ አፉ የያዘውን ቅጠል መለሰው። «ሊቆጥሩን ነው?»

«ለማወቅ ያህል ነው።»

ዒጋል ሳቀ። «ወርያ ዋበሪ፣ ያኔስ ምን ነበር ያሉን? ለማወቅ ያህል ነው!»

ያኔ የሚለው የጦርነቱን ጊዜ ነው። ቀበሌው ቤት ለቤት እየዞረ ፈረስና ጋሪ ቆጠረ፤ በሳምንቱ ለግንባር ውኃ ማመላለሻ ተብሎ ሁሉም ተወሰደ። አባቴ ሦስት ፈረስ ሰጠ፤ አንድም አልተመለሰም። ዳማን፣ ይኼን ያሁኑን ፈረሱን፣ እስኪገዛ ድረስ ባቡር ጣቢያ ላይ በጀርባው ጆንያ ተሸክሟል። ሰፈራችን ከዚያ ወዲህ ቆጣሪ ሲመጣ ዶሮውን እንኳ አልጋ ሥር ይከታል።

«ብዙ ስንጭን ካዩ፣ ጎበዝ ፈረስ ነው ብለው ይወስዱታል» አለ ዒጋል።

«አይደለም እኮ! ብዙ ስትጭኑ ነው የምትተርፉት!»

«ናያ፣ አንቺ ኻድራ» አለ አባቴ፤ «የተቆጠረ ነገር ባለቤቱ ጋ ሲቀር አይተሽ ታውቂያለሽ?»

እርሳሴን አንሥቼ መቅረጽ ጀመርኩ።

በማግስቱ በርጩማዬ ላይ ተቀመጥኩ። ወረቀቴ ላይ ሦስት ዓምድ አለ፤ ጋሪ፣ አውቶቡስ፣ እግር። ጋሪዎቹ መጡ። ድልድዩ ጋ ሲደርሱ ቆሙና ተሳፋሪውን በሙሉ አወረዱት። ሰዉ በእግሩ ተሻገረ፣ ባዶ ጋሪ ተከተለው፤ ማዶ ሲደርሱ ሁሉም ተመልሶ ተሳፈረ።

ወይዘሮ ማዘንጊያ የበርበሬ ነጋዴ ናቸው፤ ሲሳፈሩ ጋሪው ያቃስታል። እሳቸውንም አባቴ አወረዳቸው።

«አንተ ዋበሪ፣ የተሳፈርኩት በፈረስህ ነው ወይስ በገዛ እግሬ?»

«ለጤናዎ ብዬ ነው እናቴ።»

«ጤናው ቢኖረኝማ አንተን እዚሁ በጣልኩህ ነበር!»

ድልድዩን እስኪጨርሱ ረገሙት። እኔ ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። በመጀመሪያው ቀን ሳቅሁ።

በሦስተኛው ቀን ጓድ ወልደጻድቅ ሊያዩኝ መጡ።

«ጓድ፣ ከጋሪ ወርዶ በእግሩ የተሻገረ ሰው የት ይጻፋል?»

«ድልድዩ ላይ በምን ነበር?»

«በእግሩ።»

«እንግዲያ እግር ነው። ያየሽውን ጻፊ።»

«ግን የወረደው…»

«ለምን ወረደ?» ብዕራቸውን ከደረት ኪሳቸው አወጡ።

በዚያው ሳምንት አንድ ወፍጮ ጠባቂ አሻጥር ሠራ ተብሎ ተወስዷል። የተበጠሰው የወፍጮው አንድ ቀበቶ ብቻ ነው። እኔ አሁን አፌን ብከፍት፣ ሶማሌ ባለጋሪዎች የአብዮቱን ሙከራ አሻጠሩ ይባላል።

«እኔ እንጃ ጓድ። ሙቀቱ ይሆናል።»

በሙቀት ምክንያት ከጋሪ ወርዶ የሚሄድ ሰው ድሬዳዋ ውስጥ ታይቶ አይታወቅም። እሳቸው ግን ጻፉት።

ያን ቀን አባቴ ዳማን ሲፈታ ልለምነው ሄድኩ። «አቦ፣ በአላህ፣ አንድ ቀን ብቻ እንደጫናችሁ ተሻገሩ።»

«ዛሬ ስንት ጻፍሽብን?»

«ዜሮ።»

«ማሻአላህ!» አለና ግንባሬን ሳመኝ።

በአሥረኛው ቀን በውሸት ልጽፍ እርሳሴን አነሣሁ። በጋሪ ሥር አሥር መስመር አሰመርኩ። ቀና ስል ጓድ ወልደጻድቅ ማዶ ቆመው፣ ባዶ ጋሪዎቹን በገዛ ዓይናቸው እያዩ ነው። በምራቄ አጠፋሁት፤ ወረቀቱ ተቀደደ።

ሙከራው ሲያልቅ ሁላችንንም በቀበሌው አዳራሽ ሰበሰቡን። ጓድ ወልደጻድቅ የእኔን ወረቀት አነበቡ። አውቶቡስ ብዙ ሺህ፣ እግር ከዚያም የበዛ፣ ጋሪ ምንም።

«ሰፊው ሕዝብ ራሱ ጋሪን ትቶታል። ከነገ ጀምሮ ጋሪ ድልድዩን አይሻገርም!»

አባቴ ዞሮ አየኝ። ከዚያ ተነሣ።

«ጓድ ሰብሳቢ… እኛ ሰዎቹን…»

«ድምፅህን ከፍ አድርግ!»

በሩ ላይ ሁለት አብዮት ጠባቂዎች ጠመንጃ ይዘው ቆመዋል። ዒጋል የአባቴን ሽርጥ ሳብ አደረገው።

«እኛ ሰዎቹን… ምን? አስተያየት አለህ?» አሉ ጓድ ወልደጻድቅ።

«ውሳኔው ጥሩ ነው» አለ አባቴ።

ተጨበጨበ። እሱም አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ።

አውቶቡሱ ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላው ቆመ። መለዋወጫው ከውጭ ነው የሚመጣው አሉ። ክልከላው ግን አልተነሣም፤ አዲስ ሙከራ እስኪደረግ ይጠበቃል። ጣቢያውም መሥሪያ ቤቱም ማዶ ነው፤ በእኛ በኩል ጋሪ የሚያሳፍር ርቀት የለም። ወይዘሮ ማዘንጊያ ከነጆንያቸው በእግራቸው ይሻገራሉ፤ እኔን ሲያዩ ፊታቸውን ያዞራሉ።

ዳማን ሞሐሙድ የሚባል የዋሂል ገጠር ሰው ገዛው፤ እንጨት ሊያስጎትተው። አባቴ ልጓሙን ሲሰጠው ዳማ የቀኝ ጆሮውን መነካት እንደማይወድ ደጋግሞ ነገረው። ሰውየው አልሰማውም፤ ጥርሱን እያየ ነበር።

እነሱ ሲርቁ አባቴ «ነግረሽኝ ነበር» አለኝ። ቢሰድበኝ እኮ እመልስለት ነበር።

አሁንም ከሱብሂ ሶላት በኋላ ባዶው በረት ጋ ሄዶ ይቆማል፤ ትንሽ ቆይቶ ይመለስና ይተኛል። ፀሐይ ገና አልወጣችም። እንደ ልማዴ በቀልድ፣ ዳማ ቁርሱን በልቷል እንዴ ብዬ ልጠይቀው እፈልጋለሁ፤ አልጠይቀውም።